ሰባት ቤት ስንቆጥር

ባለፉት እትሞች ስለ እጮኝነት ጊዜ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬም ከእጮኝነት አንርቅም፤ ነገር ግን መንገዳችን በአንድ አሮጌ የርስት ሙግት ወረቀትና በብራና መጻሕፍት በኩል ያልፋል። ጥቂት ታገሡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጋብቻ ምክር አገልግሎት ሳለሁ፣ ሁለት ወጣቶች ወደ እኛ መጡ። በመዘምራን ኅብረት ውስጥ የተዋወቁ፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። የወንዱ አባትና የልጅቱ እናት ግን የላስታ ሰዎች ናቸው፤ ያውም ከይምርሐነ ክርስቶስ ብዙ ከማይርቁ ሁለት መንደሮች። የምክር ትምህርቱን ጨረሱ፣ የደም ምርመራውን አደረጉ፣ ቀን ሊቆረጥ ሆነ። በዚህ መካከል የልጅቱ አጎት ከላስታ ስልክ ደወሉ። «ቤት ተቆጥሯል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አልተቆጠረም። ስም ሲጠቃቀሱ አጎትየው የወንዱን አያት ስም ሰሙና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ይህ ጋብቻ አይሆንም፤ ዘመዳሞች ናቸው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እኔ የሰጠሁት ምክር በጣም አጭር ነበር። ዘሌዋውያን 18ን ገለጥኩላቸው፤ እዚያ የተከለከሉት የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ንም አነሣሁ። ሕጉ የሚከለክለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚወላለዱትን፣ ወደ ጎን ደግሞ ወንድምና እኅትን፣ አክስትና አጎትን ነው። «ስለዚህ ልጆች፣ አትጨነቁ። ሰባት ቤት የሚባለው የአባቶች ልማድ ነው። ጳውሎስም መጨረሻ በሌለው የትውልዶች ታሪክ እንዳንጠመድ አስጠንቅቋል (1ጢሞ. 1፥4)» አልኳቸው። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ እናቴ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እያለቀሰች ነው» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጥቅስ ጠቅሼ የአንዲት እናት ልብ የማሳርፍ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የወጣቱ አባት አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ መጡ። ከአባታቸው ሳጥን የተገኘ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለወረዳ ፍርድ ቤት የቀረበ የርስት ክስ ግልባጭ ነው። ከሳሹ የወጣቱ አያት ናቸው። ተከሳሹ ደግሞ ማን እንደ ሆኑ ገምቱ፤ የልጅቱ የእናቷ አባት! በክሱ ላይ ከሳሽ ከአንድ አቅኚ አባት እንደሚወለዱ ስም በስም ተዘርዝሯል። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ እያለ ይወርዳል። ጣቴን እያስኬድኩ ቆጠርኩ። ወጣቱ ከአቅኚው አባት ስድስተኛ ቤት ላይ ይወድቃል። የልጅቱም ወገን እንዲሁ ሲቆጠር ስድስተኛ ነው። ስድስት ለስድስት! በአገሩ ልማድ ሰባት ቤት ሳይሞላ አይጋቡም።

ርስትን በስም ብቻ ለሚያውቁ ወጣቶች ጥቂት ልበል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ርስት ማለት ሰው ከአቅኚው አባት በመወለዱ የሚያገኘው የመካፈል መብት ነው። መብቱ በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይወርዳል። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ባለ ርስት ናት። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ሥርዓት በጎጃም ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። መሬቱ መጀመሪያ በዋናው አባት ስም፣ ቀጥሎ ምንዝር አባቶች በሚባሉት በልጆቹ ስም ይከፈላል። ፈጅ የሚባለው የወገን ተጠሪ ደግሞ ቆጠራውንና ድርሻውን ይጠብቃል። ድርሻ የሚፈልግ ሰው ለፈጁና ለዳኛው ትውልዱን መቁጠር አለበት። ባይቆጥር ድርሻ የለውም።

አንድ ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ አራቱ ሴቶች ናቸው። በእያንዳንዳቸው በኩል የመሬት ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ሙግቱ ማለቂያ አልነበረውም። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም»፣ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚሉት አባባሎች የወጡት በዋዛ አይደለም። አባቶቻችን ያንን ሁሉ ስም በቃላቸው የያዙት ለመኩራራት ብቻ ሳይሆን እንጀራቸው ስለ ነበረ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ፈተና አለ። ጥሩ መሬት ባለበት ቦታ አያት አይጠፋም! በተለይ በሴት በኩል የሚያልፈው መስመር፣ ሴቲቱ ወደ ሌላ አገር ተድራ ሄዳ ከሆነ፣ ለመጨመርም ለመቀነስም የተመቸ ነበር።

ይህ ሁሉ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አበቃ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ርስትን ሽሮ መሬቱን ለአራሹ አከፋፈለ። ቆጠራው የሚያስገኘው ማሳ ሲቀር፣ ልጆችም ቆጠራውን ተዉት። ዛሬ ምንዥላትና እንጅላት የሚሉትን ቃላት የሚያውቅ ወጣት በቤተ ክርስቲያናችን ስንት እንደሚገኝ እንጃ። ወረቀቶቹ ግን በየሳጥኑ ቀሩ።

የወጣቱ አባት ወረቀቱን ካሳዩኝ በኋላ ለአጎትየው ደወሉ። እንዲህም አሉ፦ «ይህ ወረቀት የመሬት ነገር ነው፤ እኛ በእርግጥ ዘመዳሞች አይደለንም፤ እርስዎም ያውቃሉ።» የአጎትየው መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። «አባትህ ‹ዘመዶቻችሁ ነን› እያለ አባቴን ፍርድ ቤት ሲያመላልሰው አልነበረምን? ያን ጊዜ ለመሬት ዘመድ ነበራችሁ፤ ዛሬ ለሚስት ባዕድ ሆናችሁ? እንግዲያው ዘመድ ሁኑ፤ ዘመድ ደግሞ አይጋባም!»

ከዚህ በኋላ መሄድ ብቻ ቀረ። የወጣቱ አባት፣ እኔና አንድ ሌላ ሽማግሌ ተያይዘን ወደ ላስታ ተጓዝን። የአባትየው እናት ገና በሕይወት አሉ፤ ሙግቱንም የሚያውቁ እርሳቸው ናቸው።

ከላሊበላ ተነሥተን በብልባላ በኩል ስናልፍ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ጎራ አልን። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ በጽድ ደን መካከል፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን፣ እንጨትና ነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ በአክሱም ጥበብ የተገነባ ነው። ያሠራው ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛግዌ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ገድሉ ንጉሥም ካህንም እንደ ነበረ ይናገራል። ስሙ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። እኛ ወንጌላውያን በየጸሎታችን የምንለውን ይህ ሰው ስሙ አድርጎት ኖሯል። ከሕንጻው በስተጀርባ የብዙ ሰዎች አጽም ተከምሯል። ለመሳለም ከሩቅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው ይባላል። ስማቸውን የሚያውቅ የለም።

የወጣቱ ቤተሰብ ከዚህ ንጉሥ ካህናት እንወለዳለን ይላል። ይህ በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይችል እንደ ሆነ አባትየው በመንገድ ላይ ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

በዚያን ዘመን የመሬት ስጦታ የሚጻፈው በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር። ወንጌል በቤተ መቅደስ የሚጠበቅ ስለ ሆነ ማንም ደፍሮ አይፍቀውም። ጽሑፉ የሰጪውን ስም፣ የተሰጠውን ምድርና በዚያን ጊዜ በሹመት ላይ የነበሩትን ሰዎች ይዘረዝርና፣ ስጦታውን የሚሽር ሰው በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንዲወገዝ አድርጎ ይዘጋል። የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ የሚገኘው ከላስታ ርቆ፣ በዛሬዋ ኤርትራ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ገዳም ባለው የወርቅ ወንጌል ውስጥ ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1901 አሳትሞታል። ከ800 ዓመት በፊት የተጻፈ የርስት ሰነድ ማለት ነው። በኋላም በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር አድባራት ወንጌሎች ላይ የተራ ሰዎች ሽያጭ፣ ኑዛዜና እርቅ ሳይቀር ተጽፏል። እነዚህን ያጠናው ዶናልድ ክራሚ መሬት ከሚሸጡትና ከሚገዙት መካከል ብዙ ሴቶችን አግኝቷል።

እንግዲህ በላሊበላ ዘመንና በወጣቱ አያት ክስ መካከል ከ700 ዓመት በላይ አለ። ያንን ክፍተት ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የሚሞላለት ብራና የለም። በድሮው ሰነድ ስማቸው የሚገኘው ነገሥታት፣ ሹማምንትና ገዳማት ናቸው። የነገሥታቱ ቆጠራ ራሱ እንኳ አንድ ወጥ አይደለም። ዛግዌዎች 133 ዓመት ነገሡ የሚል አለ፤ 333 የሚልም አለ። አባትየው ይህን ሲሰሙ ጥቂት ከፋቸው። ሰው ከነጉሥ ካህን ተወልጄአለሁ ብሎ አድጎ በስድሳ ዓመቱ «ማስረጃ የለህም» ሲባል ደስ አይለውም።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። የዮሐንስ ኖክስን አገር ስኮትላንድን ተመልከቱ። እዚያም ሰዎች አያቶቻቸውን የሚፈልጉት በመሬትና በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው። በስኮትላንድ ባለ መሬት ሲሞት ወራሹ ከንጉሡ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያወጣ ነበር፤ የአገሩ ዳኛም አብዛኛውን ጊዜ አሥራ አምስት የአካባቢውን ሰዎች ሰብስቦ «ይህ ሰው የሟቹ የቅርብ ወራሽ ነውን?» ብሎ ያስምላቸው ነበር። መልሳቸው ተጽፎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመለስ ነበር፤ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የነበረው ብዙው አለ። መሬቱን ሲረከብም እዚያው ማሳው ላይ ቆሞ አፈርና ድንጋይ በእጁ ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1617 ጀምሮ ደግሞ ርክክቡ ሁሉ በአገር አቀፍ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ተደረገ። መሬት ያልነበረውን ጭሰኛ ግን ከዚህ ሁሉ መዝገብ ማግኘት ጭንቅ ነው። ለእርሱ ብዙ ጊዜ የሚደርስለት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የያዙት ቃለ ጉባኤ ነው። (የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊዎች፣ ሰምታችኋል? ጥምቀቱንና ጋብቻውን በሚገባ መዝግቡ!)

መዝገብም ይጠፋል። ወደ ለንደን የተወሰዱት የስኮትላንድ ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1660 በመርከብ ሲመለሱ መርከቧ ሰጥማ ብዙው ባሕር ገብቷል። የእኛ ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተጭኖ ሄደ። ዛሬ 350 ያህል የመቅደላ ብራናዎች በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ በአንዳንዶቹ ኅዳግ ላይ የመሬት ጽሑፎች አሉ።

ከባቢሎን የተመለሱትን አስቡ። በዕዝራ 2፥59-63 የአባቶቻቸውን ቤት ሊያስረዱ ያልቻሉ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል አንዱ የካህናት ወገን ትኩረቴን ይስበዋል። አባታቸው ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ሴቶች ልጆች አንዲቱን አገባና በእርሷ ወገን ስም ተጠራ። ልጆቹ በትውልድ መጽሐፍ ስማቸውን ፈለጉ፤ አላገኙትም፤ ከክህነትም ተለዩ። በሚስቱ ወገን ስም በመጠራቱ የራሱ መስመር ጠፋ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚጠፋው የሴቷ መስመር ነው። የልጄ ስም፣ ስሜና የአባቴ ስም ተብሎ መታወቂያ ይወጣል። ሚስቴም እናቴም እዚያ ላይ የሉም። ርስት በነበረ ጊዜ የሴት አያትን ስም የማያውቅ ድርሻው ይቀርበት ስለ ነበር ሁሉም ያውቅ ነበር። ዛሬ የእናታችንን እናት አባት ስም ስንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ያለበት መሆኑን ሳይ ደስ ይለኛል። ለወደፊቱ የልጅ ልጅ ቢያንስ የአያቱን መልክ ያሳየዋል።

ወደ መንደሩ ደረስን። እናትየው ቆብ ከደፉ ቆይተዋል፤ እማሆይ ይባላሉ። ልጃቸው «ጴንጤ» ከሆኑ ጀምሮ ግንኙነታቸው ቀዝቅዞ ነበር፤ ያም ቀን ሲተቃቀፉ ሁለቱም ብዙ አልተናገሩም። ቡናው ከቀረበ በኋላ ወረቀቱን አውጥተን ስሞቹን አነበብንላቸው። ሁለተኛው ቤት ላይ፣ አቅኚው አባት የወለደው ልጅ «ወለዳት» የምትባለው ሴት ስም ላይ ስንደርስ እማሆይ እጃቸውን አነሡ።

«እርሷን አልወለዳትም» አሉ።

«ታዲያ ማን ናት?»

«በክፉው ቀን ከዋግ የመጣች ናት። እናቷ በጀርባዋ አዝላት መጥታ በራቸው ላይ ወድቃ ሞተች። ሕፃኗ ግን ትተነፍስ ነበር። የቤቱ እመቤት አራስ ነበረች፤ ከልጇ ጋር አንዱን ጡት ለእርሷ ሰጠቻት። እንዲህ ነው ያደገችው። ሲድሯትም ከብት ሰጥተው፣ ልጃችን ብለው ዳሯት።»

ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ታላቅ ረኃብ ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ ሕዝብ የረገፈበት ዘመን ነበር። አባትየው ፊታቸው ተለወጠ። «አባቴ ይህን ያውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ማን የማያውቅ አለ! ‹አያቴን ልጃችን ብለው ድረዋት የለምን? ልጅ ከሆነች ድርሻዋ የት አለ?› ይል ነበር። እኔም እውነት መስሎኝ ነበር» አሉ እማሆይ። ጥቂት ቆይተውም፣ «አሁንም እውነት ይመስለኛል» ብለው ጨመሩ።

ውድ አንባብያን፣ እኔም በዚያች ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ የሽማግሌውን ሙግት ለመኰነን አልቻልኩም። መርዶክዮስ አስቴርን እንደ ልጁ አድርጎ አሳድጓታል (አስ. 2፥7)። ካሌብ ቄኔዛዊ ተብሎ ተጠርቷል፤ ሆኖም ከይሁዳ ልጆች ጋር ኬብሮንን ወርሷል (ኢያ. 14፥14)። እኛስ ራሳችን በምን መብት ነው ወራሾች የተባልነው? ሮሜ 8፥15-17ን በየእሑዱ እናነባለን፤ የልጅነትን መንፈስ ተቀብለን፣ ልጆች ከሆንን ወራሾች ደግሞ ነን እንላለን። ሽማግሌው የጠየቁትም ይህንኑ ነበር። ስሕተታቸው የጻፉት ቃል ላይ ነው። «አሳደጋት» ማለት ሲገባቸው «ወለዳት» ብለው አስጻፉ። ዳኛው የሚያውቀው ያንን ቃል ብቻ ነበርና። ከስድሳ ዓመት በኋላ ያች አንዲት ቃል በልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ ቆመችበት።

አሁን ለአባትየው ከባድ የሆነው ነገር መጣ። ወደ አጎትየው ቤት ገብተው፣ በሽማግሌ ፊት፣ አባታቸው በፍርድ ቤት ያስመዘገቡት ትውልድ እውነት እንዳልነበረ መናገር አለባቸው። ከዚህም ጋር ከካህናቱ እንወለዳለን የሚለው የቤተሰቡ ክብር አብሮ ይወድቃል፤ መስመሩ የሚያልፈው በዚያችው ሴት በኩል ነውና። ሌሊቱን አልተኙም። ጎህ ሲቀድ አብረን ጸለይን። እኔ እንኳ፣ «እማሆይን ይዘን ብንሄድና እርሳቸው ቢናገሩስ?» ብዬ ነበር። «አይሆንም፤ ወረቀቱ በአባቴ ስም ነው፤ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ።

አጎትየው ደጃቸው ላይ ተቀብለውን ወንበር ሰጡን፤ ውኃ እንኳ ሳይቀርብ ግን ነገሩ ተጀመረ። አባትየው ተነሥተው ቆሙ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አባቴ ‹ወለዳት› ብሎ ያስጻፈው ‹አሳደጋት› መሆን ነበረበት። ከእናንተ ወገን በደም አንወለድም። አያቱ የእናንተን ቤት ጡት ጠብታ ያደገች የዋግ ልጅ ናት። አባታችሁን ለዓመታት ስላንከራተተ በእርሱ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ።

አጎትየው ምንም ሳይመልሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ቆዩ። የተቆጡ መስሎን ነበር። ሲመለሱ ከቆዳ ማኅደር ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥተው ለአባትየው ሰጧቸው። የዚያው ሙግት መጨረሻ ነው። ከሳሽ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው «ወለዳት» የሚለውን እንዲምሉ ተጠየቁ፤ አልማሉም። ሽማግሌዎች ገቡና አስታረቋቸው። ተከሳሽም፣ «በቤታችን ላደገችው» በሚል አንድ ማሳ ለቀቁላቸው። ከታች የሁለቱም የጣት አሻራ አለ።

እያንዳንዱ ቤት ለራሱ የሚስማማውን ግማሽ ብቻ በሳጥኑ አስቀምጦ ኖሯል! ኤርምያስ የዓናቶትን እርሻ በገዛ ጊዜ የታተመውንም የተከፈተውንም ውል በአንድ ሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖር ለባሮክ ማዘዙ ለካ ለዚህ ኖሯል (ኤር. 32፥14)።

«ይህ ወረቀት እርስዎ ዘንድ እያለ ለምን ዘመድ ናቸው አሉ?» ብዬ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እነርሱ ሲሉት ልሰማ ብዬ ነው» አሉ አጎትየው። ከዚያም ወደ ቤት ተጣርተው ጠላና ለእኛ ደግሞ ሻይ እንዲመጣ አዘዙ፤ እንደማንጠጣ ያውቁ ነበር።

ቆጠራው እዚያው እንደ ገና ተደረገ። በልጅቱ ወገን ሰባት ቤት ሞላ። በወጣቱ ወገን በዚያ መስመር አራተኛው ላይ ቆመ፤ አባት፣ አያት፣ የአያት እናት፣ ከዋግ የመጣችው ሴት። የእርሷን እናት ስም የሚያውቅ ቢኖር ብለን ወደ እማሆይ ተመልሰን ጠየቅን። «በር ላይ ነው የሞተችው፤ ስሟን የጠየቃት አልነበረም» አሉ። ወጣቱ አዲስ አበባ ላይ በገዛው ደብተር ውስጥ ያን መስመር ባዶ ትቶታል። አይቼዋለሁ።

ሠርጉ በጥር ወር ሆነ። አጎትየው መጡ፤ በጸሎት ቤታችን የኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መዝሙሩ ሲደምቅ ትንሽ እየተገረሙ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው አስቀምጠዋል። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ተወለደች፤ ከዋግ በእናቷ ጀርባ የመጣችውን የዚያችን ሕፃን ስም አወጡላት። እማሆይ ስሙን በስልክ ሲሰሙ መልሰው መላልሰው እንዲነገራቸው ጠየቁ አሉ።